«ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ የመጣ ታካሚ ሃርት አታክ ቢሆንስ? ካት ላብ በሌለበት ወረዳ ምን ይደረግ?

ጤና_መኮንን_ወረዳ

ሰላም ለቤቱ። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የአንድ ገጽ መመሪያ እያረቀቅን ነው፤ ርዕሱ ድንገተኛ የልብ ሕመም። እጃችን ላይ ያለው ይህ ነው፦ የሚሠራ ኢሲጂ ማሽን (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚስል)፣ የግፊትና የኦክስጅን መለኪያ፣ አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን፣ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ)፣ አቶርቫስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት)። ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየው የደም ምርመራ) አይሠራም። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለእኛ የሚቀርበው ካት ላብ፣ ማለትም የተዘጋ የልብ ቧንቧ በባሉን የሚከፈትበት ክፍል፣ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የወረዳዋ አምቡላንስ ደግሞ ቀን ከሌት ወላድ ስታመላልስ ነው የምትውለው።

ችግሩ የሚጀምረው ካርድ ክፍል ነው። ታካሚው «ልቤን» አይልም። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ጋዝ ወጠረኝ» ነው የሚለው። ተመላላሽ ክፍሉም ኦሜፕራዞል ይጽፍለትና የዳይክሎፌናክ መርፌ ወግቶ ይሸኘዋል።

ስለዚህ፦ ማንን ኢሲጂ እናንሳ? መኪና እስኪመጣ ምን እንስጥ፣ ስንት? በቀጥታ አዲስ አበባ እንላክ ወይስ ሆስፒታሉ የረጋውን ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ሰጥቶ ይላክ? ከዚህ ሌላ ሁለት የሚያስቸግሩን ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ስቴንት (የልብ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ብረት) ገብቶላቸው የተመለሱ ሰዎች በሦስተኛው ወር «ተሽሎኛል» ብለው መድኃኒት ያቆማሉ። ሁለተኛው፣ «ብቻህን ስትሆን ሃርት አታክ ከያዘህ ደጋግመህ ሳል» የሚለው የቴሌግራም መልእክት ነው፤ ሰዉ እንደ እውነት ይዞታል። በቁጥር የተደገፈ መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ድንገተኛ_ክፍል

ከካርድ ክፍሉ ልጀምር፤ ሰዓቱ የሚባክነው እዚያ ነውና።

መመሪያችሁ ላይ «የደረት ሕመም ያለበት ኢሲጂ ይነሳ» ብላችሁ አትጻፉ። ጨጓራ ያለው ሰው ያመልጣችኋል። ሕመሙ በምን ስም ቢጠራም ቦታውን ጻፉ፦ ዕድሜው ከ30 በላይ የሆነ፣ ከመንጋጋው እስከ እምብርቱ፣ ክንዶቹንና የላይኛውን ጀርባ ጨምሮ፣ በአደጋ ያልመጣ አዲስ ሕመም ያለበት ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሳ። ካርዱ በኋላ ይወጣል። ሕመም ባይኖርም ደግሞ ስኳር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ድንገት ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቃቸው ወይም ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ ልባቸው እየሞተ ምንም ላያማቸው ይችላል። ሴቶችም ብዙ ጊዜ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የጀርባ ሕመም ብለው ነው የሚመጡት።

ካርድ ክፍል የሚቀመጠው ሠራተኛ ሐኪም መሆን የለበትም። ሁለት ነገር ይይ። አንደኛ፣ «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲባል በአንድ ጣት የሚያመለክት ሰውና እጁን ጨብጦ ወይም መዳፉን ዘርግቶ ደረቱ መሃል ላይ የሚያሳርፍ ሰው እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ይቅደም። ሁለተኛ፣ ግንባሩን በእጁ ጀርባ ይንካው። በብርድ ቀን ግንባሩ ርጥብና ቀዝቃዛ የሆነ ሰው ወረፋ አይያዝ።

«ማግኔዥየም ጠጥቶ ቀለል ብሎታል» የሚለውን እንደ ማስረጃ አትቀበሉ። የልብ ሕመምም በራሱ ይረግባል፣ መልሶም ይነሳል። ወተቱም ተልባውም በሆነ ሰዓት ላይ «ሠርቷል» ይባላል።

አሁን ስለሚሰጠው። አስፕሪን 300 ሚሊ ግራም፣ ወዲያው፣ ተኝኮ። እጃችሁ ላይ ያለው ባለ 81 ከሆነ 4 ፍሬ፣ ባለ 100 ከሆነ 3 ፍሬ። መታኘክ ያለበት ምክንያት አለው፦ አብዛኛው ትንሹ አስፕሪን ጨጓራን እንዳይነካ የተለበጠ ስለሆነ ሙሉውን ከተዋጠ ሆድ ውስጥ ገብቶ እስኪሟሟ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የደም ቧንቧው ላይ የተሰነጠቀው ስብ ዙሪያ ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ፕሌትሌቱ፣ እየተከማቸ ነው። የማይሰጠው ለአስፕሪን አለርጂክ ለሆነ፣ ደም ለሚያስታውክ ወይም ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ለወጣው፣ እንዲሁም አፉ ለተጣመመ፣ አንድ ጎኑ ለሰነፈ ወይም አንደበቱ ለተያዘ ሰው ነው። የመጨረሻው ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ይህቺን ርካሽ ክኒን አትናቋት። በፈረንጆቹ 1988 በወጣውና ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማንን ባካተተው አይሲስ 2 በተባለው ጥናት አስፕሪን ለብቻው በአምስት ሳምንት ውስጥ የነበረውን ሞት በ23 በመቶ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ለብቻው በ25 በመቶ፣ ሁለቱ አብረው በ42 በመቶ ቀንሰዋል። ከሁለቱ አንዱ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣል።

ኦክስጅን ለሁሉም አይከፈትም። መለኪያው ከ90 በመቶ በታች ካሳየ ወይም ታካሚው በግልጽ ትንፋሽ ካጠረው ብቻ። ከዚያ በላይ ላለው ሰው ጥቅም የለውም፤ አንድ ሲሊንደር ላለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ብክነት ነው።

ናይትሮግሊሰሪን (ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት) ከምላስ ሥር የሚሰጥ ካላችሁ የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ለሆነ፣ ልቡ በደቂቃ ከ50 በታች ለሚመታ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ቪያግራ ለወሰደ (ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት) አይሰጥም። ሦስተኛውን ሚስቱ ፊት ብትጠይቁት አይነግራችሁም። ሰው አስወጥታችሁ ጠይቁ።

የዳይክሎፌናክ መርፌውን ከደረት ሕመም ጠረጴዛ ላይ አንሱት። እሱና ኢቡፕሮፌን የመሰሉት ለተጎዳ ልብ ጥሩ አይደሉም። በዚያ ላይ ዳሌው ላይ የተወጋ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሲሰጠው የተወጋበት ጡንቻ ውስጥ ደም ይጠራቀማል። ለዚህ ሰው መድኃኒት በደም ሥር ወይም በአፍ እንጂ በጡንቻ አይሰጥም።

ሌላው በየቦታው የሚታይ ስህተት፦ ታካሚውን በእግሩ ወደ ላብራቶሪ፣ ከዚያ ወደ ፋርማሲ፣ ከዚያ ወደ ገንዘብ ተቀባይ ማዞር። አልጋ ላይ ከወገቡ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ሌላው ሰው ይሩጥለት። ለሽንትም ቢሆን አይነሳ።

ሳል ስለተባለው፦ ሐሰት ነው። ሃርት አታክ የያዘው ሰው ልቡ እየመታ ነው፣ የተዘጋው ቧንቧው ነው። ሳል የተዘጋ ቧንቧ አይከፍትም። ልቡ ቀጥ ያለበት ሰው ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ስለሚስት አይስልም። የዚህ ተንኮሉ ሰውየው ስልኩን ከማንሳት ይልቅ ሲስል መቆየቱ ነው። ብቻውን ያለ ሰው አስፕሪኑን አኝኮ፣ በሩን ከፍቶ፣ ደውሎ፣ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጥ። አዲስ አበባ ላይ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 939 የእሳትና አደጋ።

ኢሲጂ_ክፍል

ማሽኑ «የሚሠራ» ነው ብለዋል፤ ደግ። ግን ከተበላሸ ማሽን የባሰው በተሳሳተ ቦታ የተለጠፈ ማሽን ነው። ደረት ላይ የሚለጠፉት ከቪ1 እስከ ቪ6 ይባላሉ። በብዛት የሚታየው ስህተት ቪ1ንና ቪ2ን ወደ ላይ፣ ሁለተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት አካባቢ መለጠፍ ነው። ያኔ ያልነበረ ሃርት አታክ ይታያል፣ የነበረውም ይጠፋል።

ቦታው በጣት ይፈለጋል። ከጉሮሮው ሥር ካለው ጉድጓድ ጀምራችሁ በደረቱ መሃል አጥንት ላይ ጣታችሁን ወደ ታች አንሸራትቱ። አራት ጣት ያህል ወርዳችሁ አግድም ጉብ ያለ ነገር ትነካላችሁ፤ ከእሱ ጎን ያለው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው። ከሱ በታች ያለው ክፍተት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛ፣ አራተኛ ብላችሁ ውረዱ። አራተኛው ክፍተት ላይ ከአጥንቱ በስተቀኝ ቪ1፣ በስተግራ ቪ2። ቪ4 ከግራው የአንገት አጥንት፣ ማለትም ከጉሮሮ ሥር ወደ ትከሻ ከተጋደመው አጥንት መሃል ቁልቁል ሲወረድ አምስተኛው ክፍተት ላይ። ቪ3 በቪ2ና በቪ4 መሃል። ቪ5ና ቪ6 ከቪ4 ጋር በአግድም አንድ መስመር ላይ ወደ ብብት። ሴት ከሆነች ጡቷን ቀና አድርጎ ከሥሩ እንጂ ከላዩ አይለጠፍም። ፀጉራም ደረት በምላጭ ይነሳ፤ ላብ ያለበት በጨርቅ ይጥረግ፣ አለዚያ መስመሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

የእጁ ገመዶች ከተቀያየሩ የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ፦ ወረቀቱ ላይ ካሉት መስመሮች (ሊዶች) ሊድ አንድ ላይ ሁሉም ነገር ወደ ታች ተገልብጦ፣ ኤቪአር የሚባለው ላይ ደግሞ ወደ ላይ ከወጣ በመጀመሪያ ገመዱን እዩ።

ፍጥነቱ 25 ሚሊ ሜትር በሰከንድ፣ ቁመቱ 10 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊቮልት መሆኑን ወረቀቱ ላይ አረጋግጡ። አንድ ሰው «ትንሽ ይታይ» ብሎ ቁመቱን እጥፍ አድርጎት ከሆነ ኤስቲው፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ምት ሹል ጫፍ ቀጥሎ ያለው መስመር፣ ከፍ ያለ ይመስላችኋል።

የሚፈለገው፦ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሊዶች ላይ ኤስቲ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መነሳቱ። ቪ2ና ቪ3 ላይ ግን መለኪያው ይለያል፦ 40 ዓመት ለሞላው ወንድ 2፣ ከዚያ በታች ለሆነ 2.5፣ ለሴት 1.5 ሚሊ ሜትር። ሊድ ሁለት፣ ሦስትና ኤቪኤፍ ላይ ከተነሳ ቪ4ን ወደ ቀኝ ደረት አዙራችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንሱ። የቀኙ የልብ ክፍል ከተነካ ያ ሰው ግፊቱን የሚሸከመው በደም ሥሩ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው፤ ናይትሮግሊሰሪን ከሰጣችሁት እጃችሁ ላይ ይዝለፈለፋል። ከቪ1 እስከ ቪ3 ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ጀርባ በኩል ሊሆን ስለሚችል ከግራው ትከሻ አጥንት ሥር ቪ7፣ ቪ8፣ ቪ9 ለጥፋችሁ እዩ፤ እዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትርም ትርጉም አለው።

የመጀመሪያው ወረቀት ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ካለ በየ15 ደቂቃው ድገሙት። የመጀመሪያውን ኤሌክትሮድ አትንቀሉ፣ ካልሆነም ቦታውን በእስክሪብቶ ክበቡት። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የታየው ለውጥ የልብ ይሁን የማጣበቂያ የምታውቁት እንዲህ ነው።

ለሐኪም በስልክ ስትልኩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ቀጥ ብላችሁ ከላይ አንሱት፤ ስሙን ሸፍኑ፣ ሰዓቱን ጻፉበት። ተጣጥፎ በጎን የተነሳ ፎቶ ላይ 1 ሚሊ ሜትር አይነበብም።

ጤና_መኮንን_ወረዳ

እግዜር ይስጥልኝ። ናይትሮግሊሰሪኑን ከመመሪያው አወጣሁት፤ ለእኛ ደረጃ ጉዳቱ ያመዝናል። አሁን ዋናው የቀረኝ ጥያቄ ማሟሟቱ ነው። ሆስፒታሉ «አዲስ አበባ ይሂድ» እያለ ሳይሰጥ ያሳልፋል፤ የሚፈሩት የጭንቅላት መድማትን ነው። ልክ ናቸው?

የልብ_ሐኪም

ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም፤ ውሳኔው ግን ልክ አይደለም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ኢሲጂው ኤስቲ መነሳቱን ካሳየበት ደቂቃ ጀምሮ በ120 ደቂቃ ውስጥ ባሉን ሊነፋ የሚችል ከሆነ ወደ ካት ላብ ይሂድ። የማይችል ከሆነ እዚያው ይሟሟ። እናንተ ዘንድ መንገዱ ብቻ ከ3 ሰዓት በላይ ነው፤ መኪና መፈለግ፣ ሪፈራል ማስፈረም፣ የከተማው መጨናነቅ፣ እዚያም ደርሶ የካት ላብ ቡድን መጥራት ሲጨመር 5 እና 6 ሰዓት ይሆናል። የልብ ጡንቻ ይህን ያህል አይጠብቅም። ቧንቧው በተዘጋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት የሚሰጥ ማሟሟት ብዙ ጡንቻ ያድናል፤ እየቆየ ሲሄድ የረጋው ደም ስለሚጠነክር መድኃኒቱ ይደክማል። ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም።

በጭንቅላት ውስጥ የመድማት ዕድሉ ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ነው። የሚቀነሰው ሰውን በመምረጥ ነው። ወረቀታችሁ ላይ እነዚህን በ«አዎ/የለም» አስቀምጡ፦ ከዚህ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ያውቃል? ባለፉት 6 ወራት ስትሮክ ይዞታል? የጭንቅላት ዕጢ አለበት? ባለፈው አንድ ወር ከባድ ቀዶ ጥገና፣ የጭንቅላት ምት ወይም የሆድ ዕቃ መድማት ነበረው? አሁን ከየትም ቦታ እየደማ ነው? ሕመሙ ጀርባውን የሚቀደው ዓይነት ሆኖ የሁለቱ ክንዶቹ ግፊት በ20 እና ከዚያ በላይ ይለያያል? የመጨረሻዋ የዋናው ደም ሥር መሰንጠቅ ምልክት ናት፤ ያኔ ማሟሟት መግደል ነው። ግፊቱ ከ180/110 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይውረድ። አንድም «አዎ» ከሌለ መድኃኒቱ ይሰጥ። ይህን ቅጽ ጤና ጣቢያው ሞልቶ ቢልከው ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ 20 ደቂቃ ይተርፋል።

ስትሬፕቶካይኔዝ ከሆነ ያለው 1.5 ሚሊዮን ዩኒት በ100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተበጥብጦ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይንጠባጠባል። ብልቃጡን አትነቅንቁት፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ከተነቀነቀ አረፋ ይሠራል። ግፊት ይጥላል፦ ሲወርድ ጠብታውን አቁሙ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ሲመለስ በዝግታ ቀጥሉ። ብዙ ቦታ እዚህ ላይ ደንግጠው ጨርሰው ይተውታል፤ መተው አያስፈልግም። አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚሠራበት ሁለተኛ አይሰጠውም። ካርዱ ላይ በትልቁ ይጻፍለት።

ቴኔክቴፕላዝ ከተገኘ ይሻላል፤ በሲሪንጅ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ ይገባል። ከ60 ኪሎ በታች 30 ሚሊ ግራም፣ ከ60 እስከ 69 ኪሎ 35፣ ከ70 እስከ 79 ኪሎ 40፣ ከ80 እስከ 89 ኪሎ 45፣ 90 እና ከዚያ በላይ 50። ዕድሜው ከ75 በላይ ከሆነ ግማሹ። ግሉኮስ በሄደበት መስመር አታስገቡት፣ ይረጋል፤ በፊትም በኋላም በኖርማል ሳላይን እጠቡት።

ከአስፕሪኑ ጋር ክሎፒዶግሬል 300 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 75ቱ 4 ፍሬ። ከ75 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አንድ ፍሬ ብቻ። ኢኖክሳፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የሄፓሪን ዓይነት) ካለ ከ75 ዓመት በታች ለሆነ 30 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ቀጥሎ 1 ሚሊ ግራም በኪሎ ከቆዳ ሥር በየ12 ሰዓቱ፤ 75 ለሞላው በደም ሥር የሚሰጠው ይቀራል፣ ከቆዳ ሥሩም 0.75 በኪሎ ይሆናል። አቶርቫስታቲን 80፣ ወይም ያላችሁን ያህል።

ከዚያ 60 እና 90 ደቂቃ ላይ ኢሲጂ ድገሙ። የተነሳው ኤስቲ ቢያንስ በግማሽ ከወረደና ሕመሙ ከለቀቀው ተከፍቷል። በዚህ ጊዜ የልብ ምቱ ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ግፊቱ ደህና ከሆነ አትረበሹ፣ ቧንቧው መከፈቱን የሚያበስር ነው። ካልወረደ ግን ወዲያው ወደ ካት ላብ። የተከፈተለትም ቢሆን ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ አንጂዮግራፊ (በካት ላብ የሚደረግ የልብ ቧንቧ ምርመራ) ይሠራለት፤ «ድኗል» ተብሎ ዋርድ ውስጥ አይረሳ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤስቲ ያልተነሳበት ሃርት አታክም አለ፤ ማሟሟት አይሰጠውም፣ ይጎዳዋል። አስፕሪን፣ ሄፓሪንና ሪፈራል ነው። ትሮፖኒን ያለው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ሕመሙ በጀመረ በሁለት ሰዓት የተነሳ አንድ «ኔጋቲቭ» ውጤት ሰው አያስወጣም፤ በተለመደው ኪት ከሆነ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ይደገም።

መኪናው ላይ ደረት መጫን የሚችል ሰው ይሳፈር። ልብ በድንገት የምትቆመው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሾፌርና አልቃሽ ዘመድ ብቻ ይዞ የሚሄድ አምቡላንስ ታክሲ ነው። ከቆመች መኪናው ዳር ይዞ ይቁም፣ ታካሚው ጠንካራ ነገር ላይ ይጋደም፣ ደረቱ መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫን፣ በየሁለት ደቂቃው ሰው ይቀያየር።

መድኃኒት_ቤት

ስቴንት ስላለባቸውና ስለሚያቆሙት። «ተሽሎኛል» ብሎ ለሚያቆም ሰው «ለጤናህ ነው» ማለት አይሠራም፤ ምክንያቱን ንገሩት። ስቴንት ማለት ቧንቧ ውስጥ የተቀመጠ ወንፊት የመሰለ ብረት ነው። ሰውነት በራሱ ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ደሙ ባዕድ ነገር አግኝቶ ይረጋበታል። ክሎፒዶግሬልና አስፕሪን አብረው ለ12 ወር የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ ከዚያ አስፕሪኑ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ወር ማቋረጥ ከሁሉም የከፋ ነው። ጥርስ ለማስነቀልም አስፕሪን አይቆምም፤ ጥርስ ሐኪሙ ጥጡን ረዘም ላለ ጊዜ ያስነክሰዋል እንጂ።

ከዚህ የባሰው ግን ሳይታወቅ የሚበላሸው ነው። አገራችን ውስጥ ኦሜፕራዞል እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው። ክሎፒዶግሬል ጉበት ውስጥ ተቀይሮ ነው ሥራ የሚጀምረው፤ ኦሜፕራዞል የሚቀይረውን ኢንዛይም ይይዝበታል። ሰውየው ሁለቱንም በየቀኑ እየዋጠ ክሎፒዶግሬሉ ግማሽ ሥራ ይሠራል። የጨጓራ መከላከያ ካስፈለገው ፓንቶፕራዞል ይሁን።

ሁለተኛው ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው የሦስት መድኃኒት ጥቅል ነው። ውስጡ ያለው ክላሪትሮማይሲን ከሲምቫስታቲን ጋር በፍጹም አይሄድም፤ ጡንቻ ይፈርሳል፣ ሽንት ኮካ ኮላ ይመስላል፣ ኩላሊት ይቆማል። ሲምቫስታቲኑ ጥቅሉ እስኪያልቅ ይቁም። አቶርቫስታቲን ከሆነ ከ20 ሚሊ ግራም አይለፍ። ጥቅሉን የምትሸጡ ሁሉ «የኮሌስትሮል መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስፕሪን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ለወገቡ ኢቡፕሮፌን ሲወስድም አስፕሪኑን ሥራ ያስፈታዋል፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

ጾም ላይ የሚቋረጠው በብዛት በዐቢይ ጾም ነው። ጎን ለጎን የሚዋጡ የጠዋት መድኃኒቶች ብዙዎቹ በቀን አንዴ ናቸው፦ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬልና አቶርቫስታቲን ከ9 ሰዓት በኋላ ጾም ሲፈታ ቢወሰዱ ምንም አይጎድልባቸውም፤ ዋናው ነገር በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑ ነው። በረመዳንም ከአፍጥር ጋር እንዲሁ። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ሜቶፕሮሎል (የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት) ግን በሐኪሙ በቀን አንዴ ወደሚወሰደው ዓይነት ይቀየር እንጂ አንዱ አይዘለል፤ ይህ መድኃኒት ድንገት ሲቆም ልብ ታመልጣለች። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱም ውሃ ሳይጠጡ ሲውሉ ግፊታቸው ስለሚወርድ መጠኑ ከጾሙ በፊት ይታይ።

ከጅዳ

ውጭ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ። ቁጥሩን ሳትጠይቁ እወቁት፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ አሜሪካ 911። ቋንቋው ላይ ችግር ካለ ዓረብኛው «ጀልጣ ቀልቢያ»፣ ዕብራይስጡ «ሄትኬፍ ሌቭ» ነው፤ በአሜሪካ «ሃርት አታክ» ይበቃል። «ደረቴን አመመኝ» ከማለት ይልቅ ይህን ስትሉ አምቡላንሱ ቶሎ ይላካል።

አገር ቤት ለዕረፍት የምትመጡ ስቴንት ያለባችሁ ደግሞ የስቴንት ካርዱን ፎቶና የመጨረሻውን ኢሲጂ በስልካችሁ ያዙ። ሐኪም አሮጌውን ኢሲጂ ከአዲሱ አጠገብ ካላስቀመጠ የድሮ ጠባሳ እንደ አዲስ ሊያይ ይችላል። መድኃኒቱን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ፣ ከምትቆዩበት ሁለት ሳምንት አስበልጣችሁ።

ጤና_መኮንን_ወረዳ

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ መከላከሉ ላይ። አስፕሪኑን እንዲህ ካወደሳችሁት «ከ40 በላይ የሆነ ሁሉ በየቀኑ ይውሰድ» ብሎ መጻፍ ይቻላል?

የልብ_ሐኪም

አይቻልም። ልብ ታሞ የማያውቅ ጤነኛ ሰው በየቀኑ ሲወስደው የሚከላከለው ትንሽ ነው፤ ጨጓራ ማድማቱ ግን እውነት ነው። በተለይ ባክቴሪያውም አልኮሉም ባለበት አገር። ለሕመሙ ሰዓት ቤት ውስጥ 4 ፍሬ ማስቀመጥ ሌላ፣ በየቀኑ መዋጥ ሌላ።

መከላከል የምትፈልጉ ከሆነ ግፊት ለኩ፤ ግን በትክክል። ሰውየው ከመንገድ እየሮጠ ገብቶ እየተናገረ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ሹራቡ ላይ የተለካ ግፊት ቁጥር አይደለም። 5 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ በልቡ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡናና ሲጋራ አይቅደመው፣ ሽንቱን ሸንቶ ይምጣ። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ይለካ። ቤቱ የሚለካ ከሆነ ለሳምንት ጠዋትና ማታ፣ የመጀመሪያው ቀን ተጥሎ የቀረው ይደመርና ይካፈል፤ ውጤቱ 135/85 ካለፈ ግፊት አለበት።

ሃርት አታክ ይዞት ለዳነ ሰው የክፉው ኮሌስትሮል ግብ ከ55 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ነው። ላብራቶሪው ከጎኑ «ኖርማል እስከ 130» ብሎ ስለሚያትም ብዙ ሰው 110 ይዞ «ኖርማል ነው ተባልኩ» ይላል። ያ ቁጥር የተጻፈው ለሱ አይደለም። መድኃኒት ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላይ ይለካ፣ ካልደረሰ መጠኑ ይጨመር።

ድንገተኛ_ክፍል

ኩሽናው ላይ ሁለት ቃል። ቤታችን ውስጥ በጄሪካን የሚገባው፣ ብርድ ሲሆን የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ገደማ የሚረጋ ስብ ነው። ጾም ስለሆነ ልብ አርፏል ማለት አይደለም፤ ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ከቅቤው ብዙም አይርቅም። በሱፍ ወይም በኑግ ዘይት ቀይሩት፣ መጠኑንም ቀንሱ። ጨው ለአንድ ሰው በቀን 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ከገባባቸው ወጡ ላይ የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለታመመ ሰው በርበሬው ያለ ጨው ይፈጭ።

ቡና ጠላት አይደለም፤ በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ምንም አይልም። ፈልቶ ያልተጣራ ቡና ኮሌስትሮል በጥቂቱ ስለሚያነሳ ለታመመው ሰው አተላው ወርዶ ሲጠል ይቀዳለት። ጫት ግን ሌላ ነው፦ ግፊትና ምት ያነሳል፣ የልብን ቧንቧ ያኮማትራል፣ ወጣትም ይዞ ይወድቃል። ሃርት አታክ ይዞት የወጣ ሰው «ትንሽ ልቃም» ሲል መልሱ አንድ ነው። ሲጋራና ሺሻም እንዲሁ፤ ካቆመ በዓመቱ ተጨማሪ ስጋቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

መመሪያው ላይ የምትጽፉትን ስልክ ቁጥር ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት ደውላችሁ ሞክሩት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ።